ረገጥኩት፤ ለምን ዘገየ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱንን ደብዳቤዎች ገለጥ ገለጥ ሳደርግ አብዛኞቹ አንድ ቅሬታ ይዘው አገኘኋቸው። "ነዳጅ ስሰጠው ቶሎ አይነሳልኝም" የሚል። መኪኖቹ ቀልጣፋ እንዲሆኑ ተብለው የተሠሩ ናቸው። ባለቤቶቹም መንዳት የሚወዱ ሰዎች ናቸው። እኔም ስለምወድ ቅሬታው በደንብ ይገባኛል። አንዱ ማርሹን ይጠረጥራል፣ ሌላው ቤንዚኑን፣ ሌላው ደግሞ ዕቃ ሊገዛ ተነስቷል። ከመግዛታችሁ በፊት ግን አንድ ነገር ልለምናችሁ። እግራችሁ ከረገጠበት ቅጽበት ጀምሮ ጎማው መሬቱን እስኪገፋ ድረስ መንገዱ ረጅም ነው፤ ፔዳል፣ ኮምፒውተር፣ አየር፣ እሳት፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ዲፈረንሻል፣ ጎማ። ጊዜው የሚባክነው ከእነዚህ አንዱ ወይም ሁለቱ ጋ ነው። የት እንደሚባክን መጀመሪያ እንፈልግ።

ጥያቄ፦ ባለ 2 ሊትር ቱርቦ መኪና አለኝ፣ ማንዋል ነው። በ4ኛ ማርሽ በ60 እየሄድኩ ድንገት ስረግጠው ለአንድ ሰከንድ ያህል ምንም የለም። ከዚያ ሰው ከኋላ እንደገፋው ይፈናጠራል። ጓደኛዬ ፔዳሉ ላይ የሚሰካ ትንሽ ሳጥን አለ፣ እሱን ግጠምና ትገላገላለህ አለኝ። እውነት ይሠራል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሳጥኑ የሚሠራው ሥራ አለ። ያንተን ችግር ግን አይነካውም።

ድሮ ፔዳሉና ትሮትሉ (የሞተሩ አየር መግቢያ ክዳን) የሚገናኙት በሽቦ ነበር። ስትረግጥ ሽቦው ይሳባል፣ የአየር መግቢያው ክዳን ይከፈታል፣ በቃ። ቢኤምደብሊው በ1987 ባወጣው ባለ 12 ሲሊንደር 750 ላይ ሽቦውን ትቶ ክዳኑን በኤሌክትሪክ ከፈተው። ሼቭሮሌት ኮርቬት በ1997 ተከተለ፣ ዛሬ ደግሞ ሽቦ ያለው አዲስ መኪና ማግኘት ይከብዳል። አሁን ፔዳሉ የሚያደርገው ጥያቄ ማቅረብ ብቻ ነው። ሴንሰሮቹ "ይሄን ያህል ተረግጠናል" ብለው ለኮምፒውተሩ ይናገራሉ፤ እሱ ደግሞ የሞተሩን ሙቀት፣ የገባውን ማርሽና የቱርቦውን ግፊት አይቶ ምን ያህል ጉልበት እንደሚሰጥህ ራሱ ይወስናል፣ ክዳኑንም በዚያው ልክ ይከፍታል። ሳጥኑ መሃል ይገባና ቁጥሩን ያሳድጋል። አንተ 30 በመቶ ስትረግጥ እሱ 50 ብሎ ያወራል። ስለዚህ መኪናው የነቃ ይመስልሃል። እስከ ወለሉ ስትረግጠው ግን 100 ያው 100 ነው። መኪናህ ስፖርት የሚል ቁልፍ ካለው ከሞላ ጎደል ይሄንኑ ሥራ በነፃ ይሠራልሃል።

መፈተኛው ቀላል ነው። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ፣ ባዶ መንገድ ላይ፣ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ርገጠው። መዘግየቱ አሁንም ካለ ሳጥኑን እርሳው።

አንተ እንደገለጽከው ከሆነ ጊዜው የሚባክነው ቱርቦው ጋ ነው። ቱርቦ ወደ ሞተሩ አየር የሚነፋ መሣሪያ ነው፤ የሚሽከረከረው በጭስ ግፊት ነው። ጭስ የሚበዛው ደግሞ ሞተሩ ሲሽከረከርና ሲጫን ነው። እስቲ አብረን እናስላ። የጎማህ ዙሪያ 2 ሜትር ይሁን፣ 4ኛ ማርሽህ 1.1 (ማለትም ከካምቢዮው የሚወጣው ዘንግ አንዴ ሲዞር ሞተሩ 1.1 ጊዜ ይዞራል)፣ ዲፈረንሻልህ 4.0። በ60 ስትሄድ ሞተርህ በደቂቃ 2200 ዙር ላይ ነው። ቱርቦህ ከ2500 ወይም ከ3000 ዙር በታች በቂ ግፊት የማይሠራ ከሆነ፣ ፔዳሉን ብትረግጠው ባትረግጠው ዙሩ እስኪደርስ መጠበቅህ አይቀርም። 3ኛ ማርሽ 1.5 ከሆነ ግን በዚያው ፍጥነት 3000 ዙር ላይ ነህ። 2ኛ ከሆነ 4200 ገደማ። መኪናው ያው ነው፣ ቱርቦው ያው ነው፣ መልሱ ግን ሌላ ነው። ስለዚህ ልታልፍ ስታስብ ከመርገጥህ በፊት ማርሽ ቀንስ። በከፍተኛ ማርሽ ዝቅ ያለ ዙር ላይ እስከ ወለሉ መርገጥ ሞተሩንም ይጎዳል፣ በተለይ ትንሽ ሞተር ላይ ትልቅ ግፊት ሲመጣ።

ልብ በል፣ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ። አንደኛው ግፊቱ መፈጠር የሚችልበት ዝቅተኛው ዙር ነው። ሁለተኛው ከዚያ ዙር በላይ ሆነህም ስትረግጥ ቱርቦው ፍጥነት እስኪይዝ የሚያልፈው ጊዜ ነው። የመጀመሪያውን ችግር ማርሽ መቀነስ ይፈታዋል። ሁለተኛው በ4000 ዙርም ላይ ከተሰማህ መጀመሪያ ጠርጥር የምለው ፍሳሽ ነው። ከቱርቦው እስከ ሞተሩ ያለው ቱቦ ውስጥ አንድ ቦታ ክር የምታህል ስንጥቅ ካለች ቱርቦው የነፋው አየር እዚያ ይወጣል። ቱቦው ውስጥ ጭስ ነፍተው የሚያዩ ጋራዦች አሉ፣ ቦታውን በደቂቃዎች ያሳዩሃል። ማርሽ ስትቀይር ጭስስ የሚል ድምፅ እንዲያወጣ ብለህ አየሩን ወደ ውጭ የሚለቅ ቫልቭ ገጥመህ ከሆነም ንገረኝ። መኪናህ የሚገባውን አየር መግቢያው ላይ በሚለካ ሴንሰር የሚሠራ ከሆነ፣ የተለካው አየር ውጭ ሲለቀቅ ኮምፒውተሩ አያውቅም፤ ለሌለ አየር ቤንዚን ይረጫል፣ ሞተሩም ለቅጽበት ታንቆ ይነሳል። ፋብሪካው የገጠመው ቫልቭ አየሩን ወደ መግቢያው የሚመልሰው ለዚህ ነው።

ትልቅ ቱርቦ ልግጠም ካልከኝ መልሴ አይሆንም ነው፣ ፈጥኖ መነሳት ከሆነ የምትፈልገው። ትልቅ ማለት ለመሽከርከር የሚከብድ ማለት ነው። ፋብሪካዎችም የሚደክሙት በተቃራኒው አቅጣጫ ነው። ፖርሽ በ2006ቱ 911 ቱርቦ ላይ የጭሱን መግቢያ ክንፎች እንደ ሁኔታው የሚያጠብና የሚያሰፋ ቱርቦ ገጠመ። መርሴዲስ ኤኤምጂ ደግሞ በ2022ቱ ሲ43 ላይ ቱርቦው ዘንግ ላይ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር አስገባ፤ ጭሱ እስኪመጣ ሳይጠብቅ ኤሌክትሪኩ ያሽከረክረዋል።

ጥያቄ፦ ቱርቦ የሌለው፣ ከኋላ የሚነዳ፣ ባለ 6 ማርሽ ኩፔ አለኝ። ኃይሉ አያንሰኝም፣ ግን ስረግጠው የሚያመነታ ይመስለኛል። የዲፈረንሻሉን ኮሮናና ፒኞን (ውስጡ ያሉትን ሁለት ተናካሽ ጥርሶች) ከ3.7 ወደ 4.3 ልቀይር ወይስ ቀላል ቮላኖ (ከሞተሩ ጋር የሚሽከረከረውን ከባድ ዲስክ፣ ክብደቱ የቀነሰውን) ላስገባ? ሁለቱንም ባንዴ አልችልም።

መልስ፦ እህቴ፣ ጥያቄሽን በጣም ወደድኩት። ቶሎ ወደ ሞተሩ ነገር ሳትሮጪ ማርሹን ማሰብሽ ትክክል ነው።

ከዲፈረንሻሉ እንጀምር። ማርሽ ጉልበት አባዢ ነው። ሞተርሽ 200 ኒውተን ሜትር ይሰጣል እንበል። በ3ኛ ማርሽ፣ 1.5 ከሆነ፣ አሁን ጎማው ላይ የሚደርሰው 200 ሲባዛ በ1.5 ሲባዛ በ3.7፣ ማለትም 1110 ነው። በ4.3 ደግሞ 1290። 16 በመቶ ጭማሪ ነው፣ በሁሉም ማርሽ፣ በሁሉም ዙር ላይ። ሞተሩን ሳትነኪ ይሄን ያህል ጭማሪ ቱርቦ ከሌለው መኪና ላይ ማውጣት ምን ያህል ልፋት እንደሚጠይቅ ሞተር የሠራ ሰው ያውቀዋል። እግርሽ ስር የሚሰማሽም ይሄ ነው፤ ትንሽ ረገጥ ስታደርጊ መኪናው ወዲያው ይነሳል።

ዋጋም ያስከፍላል። በ6ኛ ማርሽ፣ 0.8 ከሆነ፣ በ100 ስትሄጂ አሁን 2470 ገደማ የሚያሳየው ዙር ወደ 2870 ይወጣል። ረጅም መንገድ ላይ ጆሮሽ ይሰማዋል፣ ነዳጅም ይጨምራል። እያንዳንዱ ማርሽ የሚደርስበት ከፍተኛ ፍጥነት በ14 በመቶ ይቀንሳል። 2ኛ ማርሽሽ አሁን እስከ 100 የሚሄድ ከሆነ በ86 ያልቃል፣ አንድ ማርሽ መጨመር ይኖርብሻል። ስለዚህ ከ0 እስከ 100 የሚለው ሰዓት ላይሻሻል ይችላል፣ ሊብስም ይችላል። አነዳድሽ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ከሆነ ግን በዚህ አትዘኚ። የፍጥነት ቆጣሪው ከካምቢዮ መውጫ የሚያነብ ከሆነ ይዋሻል፣ መታረም አለበት። ከጎማ ሴንሰር የሚያነብ ከሆነ ችግር የለም።

አንድ ነገር ላይ አደራ። ኮሮናና ፒኞን ዝም ብሎ የሚገጠም ዕቃ አይደለም። ጥርሶቹ የሚነካኩበት ቦታ በቀለም ይታያል፣ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ይለካል፣ ኩሽኔታዎቹ በልክ ይጠበቃሉ። ይሄን በመለኪያ ሳይሆን በእጁ ገምቶ የሚያስር መካኒክ ጋ ከሆንሽ ተይው። ያኔ ከ1000 ኪሎ ሜትር በኋላ ማልቀስ የሚጀምረው ዲፈረንሻሉ ነው። ከተገጠመ በኋላም ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ሳታስጨንቂው ንጂው፣ ከዚያ ዘይቱን ቀይሪ።

ወደ ቮላኖው ስንመጣ፣ ቮላኖ ጉልበት አይጨምርም። ሞተሩ ራሱን ለማሽከርከር የሚያባክነውን ይቀንሳል። 5 ኪሎ ከቮላኖው ላይ ብትቀንሺ፣ የተቀነሰውም ክብደት ከመሃሉ በአማካይ 12 ሴንቲ ሜትር ላይ የነበረ ቢሆን፣ በ1ኛ ማርሽ ከመኪናው ላይ ወደ 120 ኪሎ እንዳወረድሽ ያህል ነው። በ6ኛ ማርሽ ግን 6 ኪሎ ገደማ ብቻ። ልዩነቱ ይሄን ያህል የሰፋው ውጤቱ የማርሹን ቁጥር በራሱ አባዝቶ ስለሚከተል ነው። ለዚህ ነው ቀላል ቮላኖ የገጠሙ ሰዎች ቆመው ሲረግጡት "ምን የመሰለ ነገር!" የሚሉት፣ በ5ኛ ማርሽ ግን ምንም የማይሰማቸው። ሌላም አለ። ቀላል ቮላኖ ስትነሺ ሞተሩን ቶሎ ያጠፋብሻል፣ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ የሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) ሊንቀጠቀጥ ይችላል፣ የፋብሪካው ባለ ሁለት ክፍል ቮላኖ ከወጣ ደግሞ ካምቢዮው ይንኳኳል። ጥቅሙ ማርሽ ስትቀንሺ ነው። ፍሬን ላይ ሆነሽ በተረከዝሽ ነዳጅ ነካ ስታደርጊ ዙሩ እንደ ሐሳብ ይነሳል።

የቀላል ሞተር ጫፉ የት እንደሆነ ለማየት ሌክሰስ ኤልኤፍኤን ማሰብ ይበቃል። ከያማሃ ጋር የተሠራው ባለ 10 ሲሊንደር ሞተሩ ከሚኒሞ ተነስቶ 9000 ዙር ለመድረስ 0.6 ሰከንድ ነው የሚፈጅበት። የተለመደው የዙር መቁጠሪያ መርፌ ስላልደረሰበት በስክሪን የሚታይ ቆጣሪ አደረጉለት።

ለአንቺ ግን ዲፈረንሻሉን እመርጣለሁ። በሁሉም ማርሽ የሚሰማ ነገር ነው። ከዚያ በፊት የጎማሽንና የቸርኬሽን ክብደት እይ። ለመልክ ብለሽ ትልቅ ቸርኬ አስገብተሽ ከሆነ፣ በቀላል ቸርኬ መቀየሩ ለመነሳት ብቻ ሳይሆን ለፍሬንና ለመሪም ይጠቅማል።

ጥያቄ፦ የመኪናዬ መመሪያ መጽሐፍ 91 ኦክቴን ይበቃል ይላል። እኔ 98 እየሞላሁ ነው፣ ለውጥ ግን አላየሁም። ኦክቴን ጨማሪ ፈሳሽም ልጨምርበት እያሰብኩ ነው። ዕድሜዬ ገፋ ብሏል፣ መኪናዬም እንደዚሁ፣ ሽቦ ያለው ትሮትል ነው።

መልስ፦ አባቴ፣ ለውጥ አለማየትዎ ትክክል ነው። ለመኪናዎ ገንዘብዎን በከንቱ እያፈሰሱ ነው። ኦክቴን ማለት ጉልበት ማለት አይደለም። ቤንዚኑ ሲጨመቅና ሲሞቅ ያለጊዜው በራሱ እንዳይቀጣጠል የሚቋቋምበት መጠን ነው። የእርስዎ ሞተር ለ91 ተብሎ የተጨመቀ ከሆነ ተጨማሪው መቋቋም ሥራ የለውም።

98 የሚያስፈልገው ሞተር ላይ 91 ሲሞላ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ዛሬ ያሉ ሞተሮች ማንኳኳቱን (ቤንዚኑ ያለጊዜው ሲቀጣጠል የሚሰማውን ድምፅ) የሚሰማ ሴንሰር አላቸው። ሲያንኳኳ ኮምፒውተሩ እሳቱን (የካንዴላውን ብልጭታ) ያዘገያል። ሞተሩ ይድናል፣ ጉልበቱ ግን ይወርዳል፣ ስትረግጠው የተኛ ይመስላል። ቱርቦ ያላቸው ላይ ይሄ በጣም ጎልቶ ይታያል። ወደ ተገቢው ቤንዚን ሲመለሱም ኮምፒውተሩ ወዲያው አያምንም፤ የተወሰነ ርቀት ሲነዳ ነው እሳቱን ወደ ቦታው የሚመልሰው። ስለዚህ የአንድ ቀን ሙከራ አይበቃም።

ኦክቴን ጨማሪዎቹ ውስጥ ማንጋኒዝ ያለባቸው አሉ። ካንዴላው ላይ ቀይ ቡናማ ዝቃጭ ይተዋሉ። ለእርስዎ መኪና አያስፈልጉም። ከዚያ ይልቅ የትሮትሉን ሽቦ ይዩ። ከጊዜ ብዛት ይላላል። ፔዳሉን በእጅዎ ቀስ ብለው ይጫኑ፣ አንድ ሰው ኮፈኑን ከፍቶ ክዳኑን የሚያንቀሳቅሰውን ክንድ ይመልከት። ፔዳሉ ሁለት ሴንቲ ሜትር ወርዶ ክንዱ ካልተንቀሳቀሰ መዘግየትዎ ያቺ ናት፤ በቁልፍ ሽቦዋን መወጠር ነው። ፔዳሉ እስከ ወለሉ ሲረገጥ ክዳኑ ሙሉ በሙሉ እንደሚከፈት፣ ሲለቀቅ ደግሞ ሙሉ በሙሉ እንደሚዘጋ ሳያረጋግጡ ግን አይንዱ።

ጥያቄ፦ ኢ85 ልሙላ? ቱርቦ መኪና ያላቸው ሁሉ እሱን ነው የሚያወሩት።

መልስ፦ የሚያወሩት ያለምክንያት አይደለም። እስከ 85 በመቶ ኢታኖል ነው። ማንኳኳትን በጣም ይቋቋማል። ሲተን ከቤንዚን የበለጠ ሙቀት ስለሚወስድ የሚገባውን አየር ያቀዘቅዛል። ኮምፒውተሩ በትክክል ሲስተካከልለት እሳቱን ማስቀደም ይቻላል፣ ቱርቦ ሞተር ላይ ልዩነቱ ይሰማል። ነገር ግን ቤንዚን 1 ኪሎ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ አየር ሲፈልግ ኢ85 የሚፈልገው 9.8 ገደማ ነው። ለዚያው አየር ብዙ ነዳጅ መርጨት አለብህ ማለት ነው፣ በክብደት በግምት ግማሽ ያህል ተጨማሪ። ኢንጀክተሩና ፓምፑ ካልቻሉ ነዳጁ ያጥራል፣ ሲሊንደሩ ውስጥ ሙቀት ይጨምራል፣ ፒስተን ይቀልጣል። ሳታስተካክል አንድ ሊትርም እንዳትሞላ። ሲስተካከልም የኢታኖሉን መጠን የሚያነብ ሴንሰር ይግባበት፤ ከማደያ ማደያ፣ ከወቅት ወቅት መጠኑ ይለያያል። ብርድ ላይ ለማስነሳት እንደሚያስቸግርም እወቀው።

ጥያቄ፦ የአየር ማጣሪያውን ሳጥን አውጥቼ ክፍት ፊልትሮ ገጠምኩ። ድምፁ ልብ ይሰርቃል፣ ግን ሲሞቅ የባሰ ይተኛል።

መልስ፦ ሞተሩ አሁን የሚተነፍሰው ኮፈኑ ስር ያለውን ትኩስ አየር ነው። አየር በ10 ዲግሪ ሲሞቅ ጥግግቱ 3 በመቶ ያህል ይቀንሳል። የሞተሩ ክፍል ደግሞ ከውጭው ከ10 ዲግሪ በጣም በላይ ይሞቃል። የፋብሪካውን ሳጥን መልስ፣ ውስጡ የተሻለ ፊልትሮ አድርግበት። ወይም ፊልትሮውን ከሙቀቱ የሚከልል ግድግዳና ከፊት ንጹህ አየር የሚያመጣ ቱቦ ሥራለት።

ጥያቄ፦ መኪናዬ 160 ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዷል። ስገዛው እንደ ነብር ነበር። አሁን ስረግጠው መጀመሪያ ይጎትታል፣ ከዚያ ዱብ ብሎ ይነሳል። ኮምፒውተሩን አስተካክሎ ጉልበት መጨመር ይሻላል?

መልስ፦ በፍጹም፣ አሁን አይደለም። የታመመ ሞተር ላይ ጉልበት አይጨመርም።

እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ይሄን ስህተት ሠርቻለሁ። መኪናዬ ያመነታ ነበር። የሄድኩበት ጋራዥ አስተካክልልሃለሁ ብሎ ኮምፒውተሩን ነካካው፣ ገንዘቤን ከፈልኩ፣ ችግሩ ባሰ። ከወራት በኋላ ሌላ መካኒክ ትሮትሉ አጠገብ ያለች ትንሽ የቫኪዩም ቱቦ መሰንጠቋን አሳየኝ። ቱቦዋ ተቀየረች፣ የድሮው ፕሮግራም ተመለሰ፣ መኪናው ዳነ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፣ ስለዚህ አንተ እንዳትደግመው።

ከትሮትሉ ጀምር። ከውስጥ ጥቁር ቅባት ይይዛል፣ ክዳኑ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዲግሪዎች ላይ ይጣበቃል። ለሱ በተሠራ ማጽጃ ይታጠባል። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ ክዳኑን በጣትህ ገፍተህ አትክፈተው፣ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ጥርሶች ሊሰበሩ ይችላሉ። ከታጠበ በኋላ ሚኒሞው ቢዛባ አትደንግጥ፣ ኮምፒውተሩ የአዲሱን ክዳን ቦታ እንዲማር ማድረግ ያስፈልጋል። የአየር መለኪያው ሴንሰርም በአቧራ ይሸፈናል፣ የገባውን አየር አሳንሶ ያነባል። እሱም የራሱ ማጽጃ አለው፣ የፍሬን ማጽጃ እንዳትረጭበት። ካንዴላዎቹን አውጥተህ ክፍተታቸውን ለካ፣ ቦቢናዎቹንም አስፈትሽ። ሞተርህ ቤንዚኑን በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ የሚረጭ ዓይነት ከሆነ የመግቢያ ቫልቮቹ ጀርባ ላይ ካርቦን ይጋገራል። ድሮ ቤንዚኑ ራሱ እያጠበ ያልፍ ነበር፣ አሁን በዚያ አያልፍም። ስለዚህ ነዳጅ ውስጥ የሚጨመር ማጽጃ እነዚህን ቫልቮች አይደርስባቸውም። መግቢያው ተፈትቶ ነው የሚጸዳው።

"ዱብ ብሎ" ያልከው ቃል ግን ሌላ ነገር አስታወሰኝ። የሞተር ጎሚኒ፣ ሞተሩን ከመኪናው አካል ጋር የሚይዘው ጎማ። ጎማው ሲያረጅ ስትረግጥ ሞተሩ መጀመሪያ ራሱ ይጋደማል፣ ከዚያ በኋላ ነው መኪናውን የሚገፋው። መካከል ላይ ያለችው ቅጽበት ናት መጎተት የምትመስልህ። የካምቢዮውን ጎሚኒ፣ ክሮቼራውንና የዲፈረንሻሉን መያዣም አብረህ አስነካ። በጠንካራ ጎሚኒ መቀየር ይቻላል፣ መልሱ ይፈጥናል፣ ግን ንዝረቱ ወንበርህ ድረስ ይመጣል። በየቀኑ የምትነዳው ከሆነ የፋብሪካውን አዲስ አስገባ።

ጥያቄ፦ ማርሽ ልጨምር ፍሪሲዮን ስረግጥ ዙሩ እዚያው ተንጠልጥሎ ይቆያል፣ ቶሎ አይወርድም። መኪናው አዲስ ነው።

መልስ፦ የተበላሸ ነገር የለም። ፔዳሉን ስትለቅ ኮምፒውተሩ ክዳኑን ሆን ብሎ ቀስ አድርጎ ነው የሚዘጋው፣ ያልተቃጠለ ነዳጅ በጭስ እንዳይወጣ። ከባድ ቮላኖ ሲጨመርበት ይበልጥ ይጎላል። መኪናህን በደንብ የሚያውቅ አስተካካይ ይሄን ክፍል ለብቻው ሊነካው ይችላል። አብሮም የፔዳሉን ምላሽ ማስተካከል ይቻላል፤ ፔዳሉ ላይ ከሚሰካው ሳጥን ይልቅ ይሄኛው ንጹህ መንገድ ነው። ጉልበት ከጨመረልህ ግን ፍሪሲዮንህ ይቻለው እንደሆነ ጠይቀው፣ ማንኳኳቱንና የነዳጅ መጠኑን እየነዳህ መዝግቦ እንዲያሳይህም ጠይቀው። ካላሳየህ አትተወው። የፋብሪካ ዋስትናህም ሊቀር እንደሚችል አስብበት።

ጥያቄ፦ የድሮ ቢኤምደብሊው ኤም3 የነዳሁ ቀን ፔዳሉ ከእግሬ ጋር የተሰፋ መሰለኝ። ሚስጥሩ ምንድን ነው?

መልስ፦ ኢ46 የሚባለውን ኤም3 ነድተህ ከሆነ ሚስጥሩ ስድስት ትሮትል ነው። ለእያንዳንዱ ሲሊንደር አንድ። የተለመደው ሞተር ላይ ክዳኑ ሲከፈት መጀመሪያ ከኋላው ያለው ሰፊ ሳጥን በአየር መሞላት አለበት፣ ከዚያ ነው ሲሊንደሩ የሚደርሰው። እዚያ ግን ክዳኑ ቫልቩ አፍ ላይ ነው ያለው። የኒሳን ስካይላይን ጂቲአር አርቢ26 ሞተርም እንዲሁ ስድስት አለው፣ ከነቱርቦው። ስድስቱ እኩል መከፈታቸውን ማስተካከል ትዕግሥት ይጠይቃል። ግን በትክክል የተስተካከለ ሞተር ላይ ያንን ስሜት የቀመሰ ሰው አይረሳውም፣ አንተም አልረሳህም።

ጥያቄ፦ ከቆላ ወደ ደጋ ተዛወርኩ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2000 ሜትር ይሆናል። ቱርቦ የሌለው ስፖርት መኪናዬ ጠፋብኝ። አውቶማቲክ ነው። ምን ልለውጥ?

መልስ፦ መኪናህ አልታመመም፣ አየሩ ሳስቶበት ነው። በ2000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው 78 በመቶ ገደማ ነው። 200 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር 160 እንኳን ላይሞላ ይችላል። ፔዳሉም ይቀየራል። ዝቅ ባለ ዙር ላይ ፔዳሉ ወለሉ ሳይደርስ ሞተሩ የሚችለውን አየር ስቦ ሊጨርስ ይችላል፣ የቀረው ርቀት ብዙም አይጨምርልህም። ብዙ ሰው ይሄን "ትሮትሉ ተበላሸ" ብሎ ይተረጉመዋል። ካርቡራተር ቢሆን ኖሮ ቤንዚን ይበዛበትና ይታፈን ነበር፣ የአንተ ኢንጀክተር ስለሆነ ልኩን ራሱ ያስተካክላል።

ከፍ ያለ ኦክቴን አትግዛ። ቱርቦ የሌለው ሞተር ሲሊንደሩ ውስጥ የሚጨምቀው አየር ስለቀነሰ የማንኳኳት አደጋው እዚህ ያንሳል። ቱርቦ ያላቸው ጉልበታቸውን ቢይዙም ቱርቦው ያንኑ ግፊት ለማምጣት የበለጠ መሽከርከር አለበት፣ ስለዚህ እነሱም ሲነሱ ትንሽ ይዘገያሉ።

የሚረዳህ ማርሽ ነው። የአንተ ካምቢዮ ቶሎ ቶሎ ማርሽ እየጨመረ ሞተሩን ዝቅተኛ ዙር ላይ ይጥለው ይሆናል። የስፖርት ሁኔታ ላይ አድርገው፣ ዙሩን ከፍ አድርጎ ይይዝልሃል። በእጅ መቀየሪያ ካለው ዳገት ከመጀመርህ በፊት አንድ ማርሽ ቀንስ፣ ከ4000 ዙር በላይ አቆየው። የካምቢዮውን ዘይት መቼ እንደቀየርክ የማታስታውስ ከሆነም ቀይረው፤ ያረጀ ዘይት ማርሽ ቅነሳውን ያዘገያል፣ አንተ ደግሞ አሁን የምትኖረው በማርሽ ቅነሳ ነው። ይሄን ሁሉ አድርገህ ካልረካህ ዲፈረንሻሉን ወደ አጭሩ (ቁጥሩ ወደሚበልጠው) መቀየር ያዋጣል። አውቶማቲክ ላይ ግን የካምቢዮው ኮምፒውተር አዲሱን ቁጥር እንዲያውቅ መደረግ አለበት፣ ካልተደረገ ማርሹን ባልሆነ ሰዓት ይቀይርብሃል።